ከታኮ እስከ ጥለት፦ የበረራ አስተናጋጅ ዩኒፎርም የሚሰፋው ለማን ነው?

አንድ አየር መንገድ አዲስ ዩኒፎርም ባሳየ ቁጥር ማኅበራዊ ሚዲያው የስፌት ዳኛ ይሆናል። «ያምራል»፣ «ያስጠላል»፣ «ባህልን አይወክልም» የሚሉ ፍርዶች በአንድ ቀን ይዘንባሉ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ለፍርድ የቀረበው ልብስ በዝቷል። በ2023 ብሪቲሽ ኤርዌይስ ወደ ሃያ ዓመት ከተጠጋ ጊዜ በኋላ አሮጌውን ዩኒፎርም ቀየረ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ኤር ኢንዲያ አዲስ ሳሪ አስተዋወቀ። በጁን 2024 ደግሞ የሳዑዲው ሪያድ ኤር ገና መንገደኛ ማጓጓዝ ሳይጀምር የሠራተኞቹን ልብስ ፓሪስ ላይ፣ ታላላቅ የፋሽን ቤቶች ሥራቸውን በሚያሳዩበት ሳምንት፣ ለዕይታ አቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛም ጋ ጥያቄው አዲስ አይደለም። «ሆስተሶቻችን ለምን ሁልጊዜ ሀበሻ ቀሚስ አይለብሱም?» የሚለው በተደጋጋሚ ይነሳል። «በታኮ ጫማ አሥር ሰዓት እንዴት ይቆማል?» የሚል ሌላ ጥያቄም ይከተለዋል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ዩኒፎርሙን እንደ ሠርግ ልብስ አይተው ነው የሚነሱት። የበረራ አስተናጋጅ ልብስ ሦስት ጌቶች አሉት። አንዱ አደጋ ሲደርስ ሰው ማትረፍ ነው፤ ሌላው ኩባንያውን ወይም ሀገሩን መሸጥ ነው፤ ሦስተኛው የለባሿ የራሷ አካልና መብት ነው። ሦስቱ እኩል የተከበሩበት ጊዜ የለም፤ ታሪኩም የሚነግረን የትኛው መቼ እንደበረታ ነው።

መጀመሪያ ነርስ ነበረች

የመጀመሪያዋ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ኤለን ቸርች በሙያዋ ነርስ ነበረች። ሜይ 15፣ 1930 ለቦይንግ ኤር ትራንስፖርት ከሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ወደ ቺካጎ በረረች። አብረዋት የተቀጠሩት ሰባት ሴቶችም ነርሶች ነበሩ። መሬት ላይ ጥቁር አረንጓዴ የሱፍ ኮትና ጉርድ ከካባና ከቆብ ጋር ይለብሱ ነበር፤ አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ የነርስ ነጭ ልብስ።

ልብሱ መልእክት ነበረው። በዚያ ዘመን መብረር ያስፈራ ነበር፤ አውሮፕላኑ ይንገጫገጫል፣ መንገደኛው ያስታውካል። ነርስ ያለችበት ቦታ ግን ሥርዓት ያለው፣ አስተማማኝ ቦታ ነው ተብሎ ይታሰባል። ኩባንያው ነጩን ልብስ ሲያለብስ ፍርሃትን ማከሙ ነበር። ያም ሆኖ ሁለተኛው ጌታ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ እዚያው ነበረ፦ ተቀጣሪዋ ያላገባች፣ ከ25 ዓመት በታች፣ ክብደቷም ከ115 ፓውንድ (52 ኪሎ ገደማ) የማይበልጥ መሆን ነበረባት። ትንሹ አውሮፕላን ክብደት አይችልም የሚለው ምክንያት እውነትነት ነበረው። አውሮፕላኖቹ ከገዘፉ በኋላ ግን ሚዛኑ ለአሥርት ዓመታት በቦታው መቅረቱ ምክንያቱ እሱ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል።

የቲኬት ዋጋ ሲታሰር ልብስ ይወዳደራል

በ1960ዎቹ የመጣውን አጭር ቀሚስ ብዙ ሰው «የዘመኑ ፋሽን» ብሎ ያልፈዋል። ፋሽኑ እውነት ነው፤ ከኋላው ግን የገበያ ሕግ አለ። በአሜሪካ እስከ 1978 ድረስ በክፍለ ግዛቶች መካከል የሚደረግ በረራ ዋጋ የሚወሰነው በመንግሥት ተቆጣጣሪ ቦርድ ነበር። ሁሉም ቲኬቱን በተመሳሳይ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ ውድድሩ ወደ ምግቡ፣ ወደ ወንበሩ እና ወደ አስተናጋጇ ይዞራል።

ብራኒፍ የተባለው አየር መንገድ በ1965 ጣሊያናዊውን ዲዛይነር ኤሚሊዮ ፑቺን ቀጠረ። ፑቺ ተደራርበው የሚለበሱና በጉዞው መካከል አንድ በአንድ የሚወልቁ ደማቅ ልብሶች ሠራ፤ ለዝናብም የጠፈር ተጓዥ የሚመስል ግልጽ የፕላስቲክ የራስ መሸፈኛ ጨመረበት። ማስታወቂያው የልብስ ማውለቁን ነገር በግልጽ ይቀልድበት ነበር። በ1971 ሥራ የጀመረው ሳውዝዌስት ደግሞ አስተናጋጆቹን በብርቱካንማ ቁምጣ አሰማራ። እሱ በቴክሳስ ውስጥ ብቻ ይበር ስለነበር የፌዴራሉ የዋጋ ቁጥጥር አያስረውም ነበር፤ በርካሽ ቲኬትም ይታወቅ ነበር። ስለዚህ የዋጋ እስሩ ሁሉንም አያስረዳም። አንዴ ገበያው የሴትን አካል እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ከለመደ በኋላ ዋጋ የሚቀንሰውም ተጠቅሞበታል።

መልሱ የመጣው ከፋሽን ቤት ሳይሆን ከፍርድ ቤት ነው። በ1971 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፓን አም የተባለው አየር መንገድ ወንዶችን ለአስተናጋጅነት አልቀጥርም ማለቱ ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ፤ በ1981 ደግሞ ዳላስ ያለ ፍርድ ቤት በሳውዝዌስት ላይ ተመሳሳይ ፍርድ ሰጠ። የሁለቱም ፍርዶች መሠረት አንድ ነበር፦ የአየር መንገድ ዋና ሥራ መንገደኛን በደህና ማድረስ ነው፤ ማስደሰቱ ተጨማሪ ነው። ወንዶች በብዛት ሲገቡ የቁምጣው ዘመን በራሱ ጊዜ አከተመ፤ ለሁለቱም ፆታ የሚሆን የሥራ ልብስ ማሰብ ግድ ሆነ።

ሀገርን መልበስ

ከአሜሪካ ውጭ መንገዱ ሌላ ነበር። ከቅኝ ግዛት ነፃ የወጡ አገሮች አየር መንገድ ሲያቋቁሙ አውሮፕላኑ የሚበር ባንዲራ፣ አስተናጋጇም ባንዲራውን የምትይዝ ሆነች።

ትልቁ ምሳሌ ሲንጋፖር ነው። ሳሮንግ ከባያ የሚባለው፣ የማላይ ሴቶች ጠባብ ሸሚዝና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥምጥም ጉርድ፣ በ1968 በፈረንሳዊው ዲዛይነር ፒየር ባልሜን እጅ ወደ ዩኒፎርምነት ተቀየረ። የዚያን ጊዜ የማሌዥያና የሲንጋፖር የጋራ አየር መንገድ ነበር፤ በ1972 ሲለያዩ ልብሱ ለሲንጋፖር ኤርላይንስ ቀረ። ቀለሙ ማዕረግ ይናገራል፦ ሰማያዊ ለአስተናጋጇ፣ አረንጓዴ ለመሪ አስተናጋጇ፣ ቀይ ለአለቃዋ፣ ወይን ጠጅ ለበረራው ተቆጣጣሪ። «የሀገር ልብስ» የምንለው ነገር የመጨረሻ ቅርጹን ያገኘው ከፓሪስ መሆኑ አያስገርምም፤ ዓላማው ለውጭ ገዢ መታየት ነበርና።

በልብሱ ላይ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ደጋፊዎቹ ትንሽ አገር በዓለም የታወቀችበት መለያ ነው ይላሉ፤ ነቃፊዎቹ ደግሞ እስያዊት ሴትን ታዛዥና ዝምተኛ አድርጎ የሚሸጥ ምስል ነው ይላሉ። እንደ ንግድ መለያ የተሳካ መሆኑ አይካድም፤ ነቀፋው ግን የሚያነጣጥረው በጨርቁ ላይ ሳይሆን በዙሪያው በተሠራው ማስታወቂያ ላይ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ይጠቅማል።

የባሕረ ሰላጤው ኤምሬትስ መካከለኛ መንገድ ወሰደ፦ አሸዋማ ቀለም ያለው ሱፍ፣ ቀይ ቆብ፣ ከቆቡ ወደ አንገት የሚወርድ ነጭ ሻሽ። የሙስሊም አገርን የራስ መሸፈን ልማድ ይጠቅሳል እንጂ ፀጉርን አይሸፍንም፤ ከመቶ በላይ ከሆኑ አገሮች የመጡ ሴቶች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ሊለብሱት የሚችሉት ለዚህ ነው። በቱርክ ግን ነገሩ ከረረ። በ2013 ቱርካዊት ዲዛይነር ለቱርክ አየር መንገድ ያዘጋጀችው የኦቶማን ዘመንን የሚያስታውስ ረጅም ልብስ ሥዕል አፈትልኮ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀይ የከንፈር ቀለም መከልከሉ ተሰማ። አገሪቱ በዓለማዊነትና በሃይማኖት መካከል ያላት የቆየ ክርክር በአንድ የከንፈር ቀለም ላይ አረፈ። ክልከላው ተነሳ፤ ልብሱም በዚያ መልኩ አልተሰፋም። በግብፅ በ2012 የአገሪቱ አየር መንገድ አስተናጋጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ሂጃብ ለብሰው በረሩ፤ ይህም መንግሥት በተለወጠበት ዓመት መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። በ2023ቱ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ልብስ ውስጥ ሂጃብ ሲካተት ግን ምክንያቱ የመንግሥት ለውጥ ሳይሆን የሠራተኛው ስብጥር ነበር። አንድ ዓይነት ጨርቅ በሁለት ቦታ ሁለት ነገር ይናገራል።

እሳት ሲነሳ ልብሱ ምን ያደርጋል?

በሕዝብ ወሬ ውስጥ የማይሰማው ክፍል ይህ ነው፤ አስተናጋጅ አውሮፕላን ውስጥ እንድትገኝ ሕግ የሚያስገድደው ግን ለዚሁ ነው። በአሜሪካም በአውሮፓም ለየ50 ወንበሩ ቢያንስ አንድ አስተናጋጅ ያስፈልጋል። አዲስ ዓይነት የመንገደኛ አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው ከመውጫዎቹ ግማሹ ብቻ ተከፍቶ መንገደኛው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ሲረጋገጥ ነው። ይህን የምትመራዋ ሴት በጭስና በትርምስ ውስጥ ከሩቅ መለየት አለባት። በመሆኑም የአውሮፓ የበረራ ደንብ የአስተናጋጆች ልብስ ለመንገደኛው በግልጽ የሚለይ እንዲሆን ይጠይቃል። ከመንገደኛው ኮት የማይለይ ጥቁር ሱፍ ፎቶ ላይ ቢያምርም በዚህ ሚዛን ይወድቃል።

ጨርቁ ቀጥሎ ይመጣል። ናይለንና ፖሊስተር በሙቀት ይቀልጣሉ፤ ቀልጠው ቆዳ ላይ ሲጣበቁ ቃጠሎውን ያብሱታል። ሱፍ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ጥጥ ይነዳል እንጂ አይቀልጥም። ይሁንና ንጹሕ ሱፍ ዋጋው ውድ ነው፣ ይሞቃል፤ ስለዚህ አብዛኛው ዩኒፎርም ሱፍና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ነው። ስስ ስቶኪንግ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አስተናጋጇ በሚነፋው ተንሸራታች መውጫ ስትወርድ ፍትጊያው ራሱ ናይለኑን ያግላል፤ በጉርድ የወረደች ሰው እግሯ የሚላጠው በዚህ ነው። ሱሪ ይህን ያስቀራል። ሹል ታኮ ተንሸራታቹን ሊቀድ ይችላል፤ ባይቀድም ይሰካና ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። መንገደኞች «ታኮ ጫማ አውልቁ» የሚባሉትም ለዚሁ ነው።

ክፍት ጫማም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ኦክቶበር 31፣ 2000 የሲንጋፖር ኤርላይንስ አውሮፕላን ታይፔ ላይ ሲነሳ ተከስክሶ ከ179 ሰዎች 83ቱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ አየር መንገዱ በመነሻና በማረፊያ ጊዜ በክፍቱ ነጠላ ጫማ ፋንታ እግር ላይ የሚጸና ጫማ እንዲደረግ አዘዘ። ከባያው ሳይነካ ጫማው ተለወጠ። ሁለት ጌቶች በአንድ ልብስ ላይ ሲስማሙ የሚታየው እንዲህ በመሰለ ትንሽ ነገር ነው።

ብዙ አየር መንገዶችም የሚሠሩት በሁለት ጫማ ነው፦ በአየር ማረፊያው አዳራሽ ታኮ፣ ውስጥ ዝቅ ያለ ጫማ። በፎቶ የሚታየው ስለዚህ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። የወንዶቹ ክራባት በቁልፍ የሚያያዝና ሲጎተት የሚላቀቅ ቢሆን፣ የአንገት ሻርፕም እንዲሁ በቀላሉ ቢፈታ የሚመረጠው በተቆጣ መንገደኛ እጅ ማነቂያ እንዳይሆን ነው።

ከአደጋ ውጭ ያለው የዕለት ተዕለቱ ፈተና ደግሞ አየሩ ነው። የመንገደኛው ክፍል የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለበት ቦታ ጋር ይመጣጠናል፤ ይህ ከሞላ ጎደል አዲስ አበባ ላይ መቆም ማለት ነው። እርጥበቱ ግን ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ደረቅ አየርና ሰው ሠራሽ ክር ሲገናኙ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ገበር የሌለው ጉርድ ከስቶኪንግ ጋር ይጣበቃል፣ የምግብ ጋሪው ሲነካ ይነዝራል። እግር በቆመበት ያብጣል፤ ጠዋት የሚበቃ ጫማ ማታ ይጠባል። የወገቡ ልክ የሚለጠጥ ካልሆነ አስተናጋጇ በምትቀመጥባት ትንሽ ወንበር ላይ የደረትና የትከሻ ቀበቶው ሲታሰር ስፌቱ ይተረተራል። ብብቱ ደግሞ ሌላ ነው። ኤምሬትስ አመልካች በእግር ጣቷ ቆማ 212 ሳንቲ ሜትር እንድትደርስ የሚጠይቀው የአደጋ መሣሪያ በላይኛው ሳጥን ስለሚቀመጥ ነው። እጇን ወደ ላይ ስትሰቅል ሸሚዙ ከጉርዱ ከወጣ ወይም ኮቱ ብብቷን ከያዛት ቅዱ ስህተት ነው፤ ፎቶ ማንሻ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይህ አይታይም። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ጋና-ዘር የሆነው ኦዝዋልድ ቦአቴንግ የነደፈውን ልብስ ለ30,000 ሠራተኛ ከማደሉ በፊት ከ1,500 በላይ ሠራተኞችን ያሳተፈው በዚህ ምክንያት ነው። ያም ሆኖ ለሴቶች ከቀረቡት አማራጮች አንዱ ከላይ እስከ ታች የተያያዘ ልብስ ነው። የአውሮፕላን መጸዳጃ ቤትን ስፋት ለሚያውቅ ሰው ይህ ድፍረት ነው።

ቆዳ ላይ የቀረው ኬሚካል

በሴፕቴምበር 2016 አሜሪካን ኤርላይንስ ከ70,000 ለሚበልጡ ሠራተኞች አዲስ ዩኒፎርም አደለ። ብዙም ሳይቆይ ሽፍታ፣ የዓይን ማበጥ፣ ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ያለባቸው ሰዎች በሺዎች ለማኅበራቸው አመለከቱ። አላስካ ኤርላይንስ በ2011 ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ነበር፤ ዴልታም በ2018 ወይን ጠጅማ ልብሱን ካወጣ በኋላ ተከሰሰ።

ምክንያቱን ለመረዳት ጨርቁ ላይ የሚጨመረውን ማወቅ ያስፈልጋል። እንዳይጨማደድ ፎርማልዲሃይድ የሚለቅ ሙጫ ይነከራል፤ ቡና እንዳይመጠው ፍሎሪን ያለበት ቅባት ይቀባል፤ ፖሊስተር ደማቅ ቀለም እንዲይዝ «ዲስፐርስ» በሚባል፣ ቆዳን ሊያስቆጣ በሚችል ማቅለሚያ ይቀለማል። አምራቾችና አየር መንገዶች እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲለካ ከተፈቀደው መጠን በታች ነው ሲሉ ተከራከሩ። ሠራተኞችና ተመራማሪዎች በበኩላቸው የተደባለቀው ነገር፣ በላብ እየራሰ፣ በደረቅ አየር፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ቆዳ ላይ ሲውል አንድ በአንድ መለካቱ አይበቃም አሉ። በ2018 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በአላስካ ሠራተኞች ላይ ያወጡት ጥናት ከልብሱ መምጣት በኋላ የጤና ቅሬታ መጨመሩን አሳይቷል። ሁሉም ለባሽ አለመታመሙ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ የቆዳ አለርጂ ከሰው ሰው ይለያያልና። የሚገርመው ግን ችግሩ የመጣው ሠራተኞች ራሳቸው ከጠየቁት ነገር ጋር ተያይዞ መሆኑ ነው። ካውያ የማይፈልግና የማይቆሽሽ ልብስ ማን ይጠላል?

ታኮውን ያወረደው ማን ነው?

ሱሪና ዝቅተኛ ጫማ ሰሞኑን የመጡት ኩባንያዎች ደግ ስለሆኑ አይደለም። የብሪቲሽ ኤርዌይስ ከ2012 ወዲህ የተቀጠሩ አስተናጋጆች ሱሪ የመልበስ መብት ያገኙት ማኅበራቸው ሁለት ዓመት ተከራክሮ በ2016 ነው። በሩሲያ ኤሮፍሎት በልብስ መጠን ከ48 በላይ የሆኑትን ከጥሩ መስመሮች ሲያነሳ ሁለት ሴቶች ከሰሱት፤ በ2017 የሞስኮ ፍርድ ቤት ገደቡን ሕገ ወጥ ብሎ 5,000 ሩብል ፈረደላቸው። ገንዘቡ እዚህ ግባ አይባልም፤ መርሁ ግን ኩባንያው በልብስ ልክ በኩል ሴቶችን በአካላቸው እንዳይመዝን ከለከለ።

በጃፓን በ2019 «ኩቱ» የሚባል ንቅናቄ ተነሳ፤ ስሙ በቋንቋቸው ጫማ እና ሕመም በሚሉ ተመሳሳይ ድምፅ ባላቸው ቃላት ላይ የተሠራ ቅኔ ነው። በኤፕሪል 2020 ጃፓን ኤርላይንስ የታኮና የጉርድ ግዴታን አነሳ። ጃንዋሪ 2፣ 2024 የዚሁ ኩባንያ ኤ350 አውሮፕላን ሃኔዳ ላይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ሲቃጠል በውስጡ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ ወጡ። የማስታወቂያ ድምፁ ሠርቶ አልነበረም፤ ከስምንቱ መውጫዎች በሦስቱ ብቻ ነበር የወጡት። ይህን ያደረገው ሥልጠናቸው ነው፤ ጫማ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ አስተናጋጅ በተረከዝ ቁመት እንድትለካ መከራከር ከባድ ሆኗል።

ተቃራኒውን ወገንም መስማት ያስፈልጋል። በ2019 ቨርጂን አትላንቲክ የሜካፕ ግዴታን ሲያነሳ፣ በ2021 የዩክሬኑ ስካይአፕ ጉርዱን ጥሎ ብርቱካንማ ሱሪና ስኒከር ሲያለብስ፣ «ግርማው ጠፋ» ያሉት መንገደኞች ብቻ አልነበሩም። የተስተካከለ ዩኒፎርም በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሥልጣን ይሰጣል፤ «ተቀመጡ» ስትል የምትደመጠው ልብሷ የተስተካከለው ናት። ጥያቄው ግርማ ያስፈልጋል ወይ ሳይሆን ግርማን የሚሰጠው ታኮ ነው ወይስ በልክ የተሰፋ ኮት የሚለው ነው።

ጥለቱ አውሮፕላን ውስጥ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ነው፤ በመጋቢት መጨረሻም በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። ዛሬ አረንጓዴ ቀለም ከሚያመዝንበት ሱፍ ጎን ለጎን ጥለት ያለው የሀገር ልብስ ለብሰው በተለይ በቢዝነስ ክፍል የሚያስተናግዱ ሆስተሶች አሉት። ወደ መግቢያው ጥያቄ ስንመለስ፣ ለምን ሁልጊዜ አይሆንም?

ቁሳቁሱ ራሱ አይከለክልም። ሸማ ጥጥ ነው፤ አይቀልጥም፣ ይተነፍሳል። ችግሩ ያለው በቅዱና በአጠቃቀሙ ላይ ነው። ሲሞላ 100 ኪሎ ሊጠጋ የሚችል የምግብ ጋሪ የሚቆመው በእግር በሚረገጥ ፍሬን ነው፤ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ከመንኮራኩሩ ሥር ይገባል። የነጠላ ዘርፍ በመሳቢያ መቆለፊያ ይያዛል፣ ከምድጃው በርም ይጠጋል። በእጅ የተሸመነ ሳሳ ያለ ሸማ ሲታጠብ ክሩ ይሸሻል፣ በቀለበት ይሳባል። ቀይ ጥለት በሙቅ ውኃ ከታጠበ ነጩን ያቀላዋል። ለሺዎች ሴቶች አንድ ዓይነት ጥለት በአንድ ዓይነት ቀለም ከእጅ ሸማኔ ማግኘትም የአቅርቦት ፈተና ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የምትቀጠረዋም ያንኑ ማግኘት አለባት።

መፍትሔ የለውም ማለት ግን አይደለም። የኤር ኢንዲያ የ2023 ሳሪ ተሰፍቶ ያለቀ ነው፤ ከመጠቅለል ይልቅ እንደ ልብስ ይገባል፣ ከፈለጉም ከሱሪ ጋር ይለበሳል። ለሀበሻ ቀሚስም ተመሳሳይ መንገድ አለ፦ ጫፉን ከቁርጭምጭሚት በላይ ማሳጠር፣ ለእርምጃ የሚሆን ስፋት መተው፣ ነጠላውን አጥፎ ትከሻ ላይ በሚላቀቅ ቁልፍ ማያያዝ፣ ጥለቱን ለብቻ ሸምኖ ለማጠብ በሚነሳ መልክ መስፋት። ቀለሙን ከመቀበል በፊት በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግሞ መፈተን ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል።

አንድ ነገር ግን በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙም አይነሳም። ሀገርን የመልበሱ ሥራ በሲንጋፖርም በዱባይም የወደቀው በሴቶች ላይ ነው፤ ወንዱ ሱፉን ለብሶ ያልፋል። ኤር ኢንዲያ ለወንዶቹ ባንድጋላ የሚባለውን አንገቱ የተዘጋ የህንድ ኮት አልብሶ ይህን ሰብሮታል። እኛም ለወንዶቹ የሚሆን ልብስ አለን፤ ስሙም በምድጃ አጠገብ ለሚሠራ ሰው ከዚህ በላይ የተመቸ ሊሆን አይችልም፦ እጀ ጠባብ።